ሞላ ያልኩበት ቀን

የደብረ ማርቆሱ ሐኪም ጉሮሮዬን በመብራት ሲመለከት ቆየና ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «አስለቃሽ ነኝ» አልኩት። ልጅ እግር ነው፤ የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ። ልጄ አጠገቤ ነበረችና «እውነቷን ነው ዶክተር፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት» ስትለው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀት ጻፈልኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳልናገር፣ ይልቁንም ጨርሶ እንዳላዜም የሚከለክል ወረቀት ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በስሜ የተጻፈ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ይሸለማል፤ እኔ ተከልክዬ ወጣሁ።

ድምፄ ከሄደ ወዲህ መዋያ አጣሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ግን አልጠፋኝም። የልጅ ልጄ ከጨረሰቻቸው ደብተሮች ባዶ ባዶውን ገጽ እየፈለግሁ መጻፍ ጀመርኩ። እኔና ሁለት ሰዎች ከዚህ ዓለም ሳናልፍ ይህን ጽሑፍ ማንም እንዳያነበው ልጄን በማርያም አስምያታለሁ። የሁለቱን ሰዎች ስም ልለውጠው አስቤ ነበር። ነገር ግን የአንደኛው ስም ከተለወጠ የምነግራችሁ ነገር ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ እንዳለ ተውኩት፤ እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ የሻረግ ናቸው። በአባቴ ለቅሶ ላይ ድምፄን ሰሙና እናቴን «ይቺን ስጪኝ» አሏት። እናቴም ሰጠቻቸው። ስንት ዓመት ጥላቸውን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እንደተከተልኩ ቆጥሬው አላውቅም። ከማርቆስ አማኑኤል፣ ከዚያ ወደ ዲማ፣ ከዲማ ወደ ደብረ ወርቅ፣ አብዛኛውን በእግር ነበር። ሚኒባስ የመጣው እግሬ ከደከመ በኋላ ነው። ለድካማችን አንድ ቁና እህል ይሰፈርልናል፣ ኋላ ኋላም በመዳፍ የተጨበጠ ብር ሆነ፤ ጠይቄ የተቀበልኩበት ቀን የለም። ቀሳውስቱ ደረት ማስመታታችንን አይወዱትም፤ አንዳንዱ ፊት ለፊት ይገስጸን ነበር። እትዬ የሻረግም «እውነታቸውን ነው፣ ይህ ነገር ይፈራል» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እትዬ የሻረግ ድምፅ ከማስተማራቸው በፊት ማየት አስተማሩኝ። «ፊት አትዪ። ሰው ፊቱን ያበጃል፤ እጁን ማበጀት ግን ይረሳል» ይሉኝ ነበር። እጅ ከተከፈተ እንባው ቀርቧል ማለት ነው፤ ግፊ። እጅ ከተጨበጠ ግን ድምፅሽን ዝቅ፣ ዜማሽን ቀስ አድርጊ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ስንል አንዲት ስንኝ ሁለት ጊዜ አወረዱልኝ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፤ አባቴ ትዝ አለኝና ዓይኔ ሞላ። ቀጥለው ያንኑ ስንኝ በዚያው ዜማ ፈጠን አደረጉት። ሲጨርሱ እጄን አየት አደረጉ። ጨብጬዋለሁ፤ ጥፍሬ መዳፌ ውስጥ ገብቷል።

«ማንን ነው የጠላሽው?» አሉኝ።

«እንጃ እትዬ።»

«አየሽ? የሚያስፈራው እሱ ነው» አሉና ተነስተን መንገዳችንን ቀጠልን። ሙሾ ከፈጠነ ቀረርቶ እንደሚሆን፣ ቀረርቶም ወንዱን ጠመንጃ እንደሚያስነሳው ያን ቀን አወቅሁ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ቋጠሮ ነው። ለቅሶ ቤት ከመግባታቸው በፊት ከደጅ አንዲት ሴት ፈልገው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ምን ገደለው? ማን ቀረበት? እዚህ ቤት የማይጠራ ስም አለ? የማይጠራ ስም ካለ የነጠላቸውን ዘርፍ ይቋጥሩታል፤ ሁለት ከሆነ ሁለት ጊዜ። ሲያዜሙ ጣታቸው ከቋጠሮው አይለይም። የእኛ አገር ስም ተራ ንግግር ነውና፤ ምናለ፣ አየነው፣ ይበልጣል፣ ሞላ። ሳትጠሪው ስንኝ ውስጥ ይገባል። ሰሚው ደግሞ የቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ሁሉ ሳይቀር ሰሙን ትቶ ወርቁን ሲፈልግ የሚውል ነው። ያላስቀመጥሽውን ወርቅ ቆፍሮ ያወጣልሻል።

እኔ የታወቅሁት እንባ እምቢ ያላቸውን ሰዎች በማስለቀስ ነው። በደብረ ወርቅ በኩል አንዲት እናት ልጇን ቀብራ ሁለት ቀን ሙሉ ሳታለቅስ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ አእምሮዋን ትስታለች ብለው ፈርተውላት ነበር። ልጅቱ ጋግራ ሳትጨርስ ስለተወችው ሊጥ አወረድኩላት። እናትየው እጇን ቀስ ብላ ዘረጋች፤ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያም እህል ቀመሰች። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የደረቀ ሰው ባየሁ ቁጥር እልህ ይይዘኝ ጀመር። ለጥፋቴ መነሻው ይኸው እልህ ነው።

እትዬ የሻረግ ዓይናቸው ጠፍቶ አማኑኤል ልጃቸው ቤት ሲቀመጡ ሥራው ለእኔ ቀረ። በዚያ ክረምት አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ከአማኑኤል ወረድ ብሎ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ መንደር አለኸኝ የሚባል ሰው ሞቷል። በፊተኛው ቀን ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ገበያ ሄደ፤ ማታ ሲመለስ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ኖሮ ወሰደው። ሬሳው ከታች ተገኝቶ የሚቀበረው በዚያው ቀን ነው፤ ድረሽ አሉኝ።

ሚኒባሱ ጭቃ ያዘውና አረፈድኩ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ከግቢው ቆሟል። ከደጅ ሴት ፈልጌ ልጠይቅ ስል አንዷ ክንዴን ይዛ «ኧረ ቶሎ ይግቡ እትዬ ብርቄ፣ ሰዉ ሊበተን ነው!» ብላ ጎተተችኝ። ስገባ የነጠላዬ ዘርፍ አንድም ቋጠሮ አልነበረበትም። የገደለው ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ከማን ጋር ይጣላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ይሁኔ ይባላል። የወንድሙን ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ ከመሃል ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ጠብታ እንባ የለም። ዝቅ ብዬ ጀመርኩ። የሟቹን ስም ጠራሁ፣ ገበያ የወሰደውን አነሳሁ፣ ልጆቹን አነሳሁ። ሴቶቹ አነቡ፣ ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። ይሁኔ ግን እንደቆመ ነው። እልሄ መጣ። ያኔ ይቺ ስንኝ ከአፌ ወጣች፦

ወንዙስ ጎድሎ ነበር፣ ጠዋት ሲሻገረው፣
ማታ ጠብቆ ሞላ፣ ከመንገድ አስቀረው።

ጎደለና ሞላ ገጥመውልኝ በራሴ ተደነቅሁ። ለቅሶው ግን ቀጥ አለ። ስንኙ ልባቸው ገብቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይሁኔ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

«እትዬ፣ ይድገሙት» አለኝ።

ዓይኑ ውስጥ እንባ ያየሁ መሰለኝ። እጁን አላየሁም። ደገምኩት። «ይድገሙት» አለ እንደገና። ተሳካልኝ ብዬ ድምፄ ሞቀ፤ ሳላውቀው ፈጠን አልኩ። ሦስተኛው ላይ ከአፌ የሚወጣው ሙሾ አልነበረም። ከወንዶቹ መሃል አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ተነሳ። ከአጥሩ አጠገብ ጋቢ ለብሶ የቆመ አንድ ሰው ፊቱን ወደ እኛ እንዳደረገ ወደ ኋላው እየተራመደ ከግቢው ወጣ። ለብቻው ሊያለቅስ ነው ብዬ አዘንኩለት።

የሟቹ አክስት ጎኔን ቆነጠጡኝ። «አንቺ ሴት፣ ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«የሞላን ነገር ነዋ! አሁን የወጣው ማን መሰለሽ? ከአለኸኝ ጋር በድንበር ተጣልተው ገና እርቅ ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ለምኖት ነው ለቅሶ የመጣ።»

ያኔ የገዛ ስንኜን እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ሰማሁት። ወንዙስ ጎድሎ ነበር። እንግዲያ የገደለው ወንዝ አይደለም። ማታ ጠብቆ፣ ሞላ፣ ከመንገድ አስቀረው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ይሁኔን አሁን እጁን አየሁት፤ የጠመንጃውን ማንገቻ አጥብቆ ጨብጧል።

ሰው ሲበተን ወደ እሱ ሄድኩ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ወንዙን ነው ያልኩት። ሞላ የሚባል ሰው መኖሩንም አላውቅ። እግዜር ያሳይህ፣ ወንዙን ነው!»

ይሁኔ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ ይህንን ሌላ ሰው በወሬ ቢነግረኝ አላምነውም ነበር» አለኝ። «በዜማ ሲሉት ግን ሰውነቴ ሁሉ ሰማው። አሁን በወሬ ቢያስተባብሉኝ ከየት አባቱ ይወጣልኛል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰልስቱ ይውጣ» አለ።

ሰልስት ሳይወጣ የሟች ወንድም ከለቅሶ ቤት አይወጣም። ሰልስቱ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ገብቶታል። ሁለት ቀን ቀርቶናል ማለት ነው። ሞላ አምስት ልጆች እንዳሉት ሰማሁ። አንድ ሰው በእኔ አፍ ሊሞት ነው፤ ሌላው በእኔ አፍ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አማኑኤል እትዬ የሻረግ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው የነጠላዬን ዘርፍ ፈለጉና ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ቋጠሮ የለበትም። ቢሰድቡኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አልሰደቡኝም።

«ስንት ጊዜ ደገምሽው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እየፈጠንሽ?»

«እየፈጠንኩ።»

ዓይነ ስውር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በወሬ አታስተባብዪ፣ አይሰማሽም» አሉኝ። «በሰልስቱ ሂጂ። በዚያው ባወጣሽበት ዜማ አውርጂው። በጣም ቀስ ብለሽ፤ የሞትሽ እስኪመስል ቀስ ብለሽ። እሱ ልጅ ገና አላለቀሰም፤ የያዘው ነገር መውጫ ነው ያጣው።»

«ካልወረደልኝስ እትዬ?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አሉኝ።

መንገድ ለመንገድ የማስተባበያ ስንኝ ስገጥም ሄድኩ። ስንኙ ሲያምርልኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሞኝ ነኝ። በሰልስቱ ጠዋት ይሁኔ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ አጠገቡ ናቸው፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩትም። የሞላ ቤት ከግቢው ፊት ለፊት ይታያል፤ በሩ ተዘግቷል፣ ከብቶቹም አልወጡም። በዚያው ዜማ ዝቅ ብዬ ጀመርኩ፦

ሞላ ያልኩት ወንዙን፣ ሰው አላልኩም እኔ፣
ስም ሳይጠይቅ ገብቶ፣ የሳተው ልሳኔ።

ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አለ? ለእኔ አልነበረም። ነገር ግን ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ወርቅ ፍለጋ ገባ። «አስፈራርተዋት ነው» ሲል አንዱ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ሰው አላልኩም እኔ ብላለች እኮ። ሞላን ከሰው አልቆጥረውም፣ አውሬ ነው ማለቷ ነው» አሉ። ሰዉ በአድናቆት «ኧረ ግሩም!» አለ። ይሁኔ ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

ሌላ ስንኝ ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ቃል ሁሉ ስም ሆነብኝ፣ ስሙም ሁሉ ሰው። የምለው ባጣም ዜማው ግን ከጉሮሮዬ አልጠፋም። ቃል የሌለው፣ እህህ ብቻ የሆነ ድምፅ ወጣኝ። በዚያው ዜማ፣ በጣም ቀስ ብዬ። ስንኝ የለውም፣ ስም የለውም፣ የሚቆፈር ወርቅ የለውም። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቃሉን ጠበቀ። ቃሉ አልመጣም። ዜማውን ከላይ ጀምሬ እስከ ታች አወረድኩትና አበቃሁ።

«ይድገሙት» አለ ይሁኔ።

ያቺን ቃል ከዚያ አፍ ዳግመኛ የምሰማት አልመሰለኝም ነበር። አሁን ግን ፊቱን አላየሁም፤ እጁን አየሁ። ጠመንጃውን የያዘው እጁ ላልቷል። ሌላኛው እጁ ጉልበቱ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። ደገምኩት፤ ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብዬ። ሳልጨርስ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብሎ ፈነዳ። አጎቱ ጠመንጃውን ከእጁ ወስደው ከኋላቸው አስቀመጡት። ይሁኔ እስከ እኩለ ቀን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃቴ ነው የወጣልኝ።

ከዚያ ነገሩ የሽማግሌዎቹ ሆነ። አርባው ሳይደርስ ሞላን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቆሙትና «እጄን በአለኸኝ ላይ አላነሳሁም፣ ወደ ወንዙም አልገፋሁትም» ብሎ ማለ። ይሁኔ መሐላውን ተቀበለ። ታረቁ። እስከ ዛሬ አብረው ማኅበር ይጠጣሉ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሳልጠይቅና ሳልቋጥር ለቅሶ ቤት ገብቼ አላውቅም። ለአንድ ለቅሶ ሰባት ቋጠሮ የያዝኩበትም ቀን አለ። እትዬ የሻረግን እኔው አስለቀስኩላቸው፤ ያን ቀን ግማሹን ያለ ቃል ነው ያወረድኩት። ሰዎች ሙያ አደረጉልኝ፤ «ብርቄ ያለ ቃል ታስለቅሳለች» አሉኝ። ፈርቼ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰው «ወንዙ ሞላ» ሲል ጣቴ የነጠላዬን ዘርፍ ይፈልጋል።

በዚህ ክረምት፣ ድምፄ ከሄደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሞላ ማርቆስ ድረስ መጣ። አርጅቷል። ልጄ ወንበር ሰጥታው ገበያ ስትሄድ ጃንጥላውን ጉልበቱ መሃል አቆመ።

«ድምፅዎ ጠፋ ሲሉኝ ነው የመጣሁ» አለኝ።

«ልትጠይቀኝ?»

«ልነግርዎት። እስከ ዛሬ ፈራሁዎት። አሁን ቢያውቁትም አያዜሙትም።»

ከዚያ ነገረኝ። ያን ማታ ከብቶቹን ሊሰበስብ ወደ ወንዙ ወርዶ ነበር። ጉም ነበር። ከማዶ አለኸኝ ሲጣራ ሰማው። ሁለት ጊዜ፦ «ሞላ! ሞላ!»

«እኔን መጥራቱ ይሆን፣ ወንዙ ሞላ ማለቱ ይሆን፣ እንጃ እትዬ» አለኝ። «ተጣልተናል፣ እኔን አይጠራም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወንዙን ነው ብዬ ከብቶቼን ነድቼ ገባሁ። የማልኩት እውነቴን ነው፤ እጄን አላነሳሁበትም። እጄን አልዘረጋሁለትም እንጂ።» ጃንጥላውን አጥብቆ ጨበጠ። «እርስዎ ሞላ ብለው ሲያወርዱ እሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ የነገረዎት መስሎኝ ነበር። እርስዎ ቃል ያውቃሉ። የትኛውን ሞላ ነው ያለው?»

ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ወንዙን ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን የተጠየቅሁት ግን ያልሰማሁትን ነው። የሞላ እጅ ከጃንጥላው ላይ ሲከፈት አየሁ። እንባው ቀርቧል፤ ዜማ ቢኖረኝ አወርድለት ነበር።

«ወንዙን ነው» አልኩት።

ከጉሮሮዬ የወጣው ሹክሹክታ ነበር። ሞላ አላመነኝም።